የአባቴ አምስት ሰዓት

ቱግ ባይ ነኝ። ይህን ቀድሜ ተናግሬ ልገላገል፤ ከዚህ በታች የማወራው ጥፋት ግማሹ ከቁጣዬ የመጣ ነውና። የቀረው ግማሽ የሰዓት ነው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚህ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ አንድ የአደን ዕቃ ሱቅ ከአባቴ ጋር ቆመን ስኮፕ እንመርጥ ነበር። ስኮፕ ጠመንጃ ላይ የሚታሰረው፣ ሩቁን የሚያቀርበው መነጽር ነው። ጠመንጃው የእኔ ነው። አዎ፣ የእኔ። የትምህርት ቤት ባስ ሹፌር ነኝ፤ እዚያው ሥራ ቦታ የለመድኳት አንዲት አሜሪካዊት ሹፌር የአጋዘን ሥጋ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ፣ ጠበስኩት፣ ጣቴን ስልስ ሰነበትኩ። በዓመቱ አብሬያት ጫካ ገባሁ። በሦስተኛው ዓመት የአደን ኮርሱን ጨርሼ፣ ፈቃዱን አውጥቼ ያገለገለ ጠመንጃ ገዛሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ታላቅ እህቴ ስትሰማ «ለየልሽ» አለችኝ። ለየልኝ እንግዲህ።

ከጠመንጃው ጋር የመጣው ስኮፕ ውስጡ ጉም እየቋጠረ ስላስቸገረኝ አዲስ ያስፈልገኝ ነበር። ጊዜም አልነበረኝም። የአጋዘን አደን የሚከፈተው ኅዳር ገባ ሲል ነው፤ ኅዳር አሥራ አምስት ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። በመሐል ያለችው ሳምንት ካመለጠችኝ፣ የመታሁትን ሥጋ እስከ ገና ፍሪዘር ከፍቶ ማየት እንጂ መብላት የለም።

ብዙ አገላብጠን ሁለት ቀሩን። ርካሽ አይደሉም፣ ውድ የሚባሉም አይደሉም፤ የባስ ሹፌር ጥርሷን ነክሳ የምትገዛቸው ዓይነት። አንደኛው አጭር፣ ጥቁር፣ ምንም ጌጥ የሌለው ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ያቀርባል፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መስቀለኛ መስመር አለው፣ በቃ። ሁለተኛው ረዘም ያለ ነው፤ አሥራ ስድስት ጊዜ ያቀርባል፣ መስቀሉ መሐል ቀይ መብራት ይበራል፣ በየጎኑ የሚዞር ነገር ሞልቶታል። የእኔ ልብ ሁለተኛው ላይ ነበር። ስለ እሱ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ጨርሻለሁ። ሻጩም፣ ጺሙ የሸበተ ቁጥብ ሰው፣ ወደዚያው ያዘነብል ነበር።

አባቴ ግን አንደኛውን አነሡ።

አባቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት መንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ሦስት እግር ላይ በቆመ፣ መስቀለኛ መስመር ባለው መነጽር ገደሉንና ሜዳውን ሲለኩ የኖሩ ሰው። አንቱ ነው የምላቸው፤ ቤታችን ያሳደገን እንደዚያ ነው። አሜሪካ ከመጡ ስድስት ዓመት ሆናቸው፤ መጀመሪያ እህቴ ጋ ነበሩ፣ አሁን ስካይላይን የሚባል ሰፈር ከእኔ ጋር ናቸው፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ። ቅዳሜ ቅዳሜ በባስና በሜትሮ ባቡር ብቻቸውን ሲልቨር ስፕሪንግ ይሄዱ ነበር። እዚያ ሁለት የድሮ ባልደረቦች አሏቸው፤ ሦስት ሆነው አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ ሌላ ሰው የሠራውን መንገድ ሁሉ ሲያፈርሱ ይውላሉ።

የእጅ ሰዓታቸው እንደ ፈረንጅ ነው የተሞላው፤ የሚያነቡት ግን በሐበሻ ነው። ትንሿ ቆጣሪ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ስትቆም «ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ቁርስ የለም እንዴ?» ይላሉ። እኔ በልቤ ዘጠኝ ብዬ ተርጉሜ ቁርሱን አቀርባለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት በፈረንጅ ሰዓት ኖሬያለሁ፤ ባስ የሚነዳ ሰው ደግሞ ከሰዓት ጋር ቀልድ አያውቅም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። አባቴ በሩ ድረስ ይዤው ልውጣ ብለሽ ጠይቂልኝ አሉኝ። ሻጩ ተከትሏቸው ወጣ። ስኮፑን ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አጥፈው፣ ከፓርኪንጉ ማዶ ያለውን የጫማ ቤት ሰሌዳ ረጅም ጊዜ አዩ። ቀጥለው ሁለተኛውን። ከዚያ እንደገና አንደኛውን።

«ዳር ዳሩን ነው የሚያዩት» አሉኝ ሲመለሱ። «መሐሉ ላይ የማያምር መስታወት የለም። ይኼ ረጅሙ ዳር ላይ ፊደሉን ያጎብጠዋል። ይኼኛው እስከ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው።»

መብራቱስ ብላቸው፣ መብራት የሚጨምሩለት መስታወቱ ራሱ ሲደክም ነው ብለው አሾፉብኝ። ተሟገትኩ። አሥራ ስድስትና ዘጠኝ እኩል ነው ወይ፣ እኔ አይደለሁ የምተኩሰው፣ እያልኩ ሻጩ ፊት በአማርኛ አካባቢውን አናወጥኩት። በመጨረሻ ግን የእሳቸውን ገዛሁ፤ ረጅሙንም ለሁለት ሳምንት አስቀምጥልኝ ብዬ ሻጩን ለመንኩት። እውነቱን ለመናገር ያሸነፉኝ በመስታወቱ ነገር አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በፊት የሆነ ነገር ነበር።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐኪማቸው ዓመታዊ ምርመራ ላይ የማስታወስ ፈተና ሰጣቸው። ቤተሰብ መልስ ይጠቁማል ተብሎ እኔ ውጭ ቆየሁ፤ የሚያስተረጉምላቸው ሰው በስልክ ነበር። በኋላ ሲጠሩኝ ሐኪሙ፣ ወጣት፣ ትሑት ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ነገር ነገረኝ። አንደኛው፣ ዓመተ ምሕረቱን ተሳስተዋል የሚል ነበር። እሱ ላይ ወዲያው ቱግ አልኩ፤ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከእናንተ ይለያል አልኩት፤ ይቅርታ ጠይቆ ሰረዘው። ሁለተኛው ግን አፌን አስያዘኝ። ሰዓት ይሳሉ ተብለው ነበር። ክቡን በደንብ ስለዋል፣ ቁጥሮቹንም ደርድረዋል፣ ቆጣሪዎቹን ግን የተባሉት ቦታ ላይ ማስቀመጥ አልቻሉም። ይህ የመርሳት በሽታ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል አለኝ። በስድስተኛው ሳምንት ይመለሱ፣ በሰፊው እናያለን፤ እስከዚያ ብቻቸውን ሩቅ ባይሄዱ ይሻላል።

የሳሉትን አሳየኝ አላልኩትም። ክሊኒኩ ወረቀቱን ስልኬ ላይ ላከልኝ፤ አልከፈትኩትም። ፈራሁ። አርባ ዓመት መስመር ያሰመረ እጅ ሰዓት መሳል ሲያቅተው ማየት አልፈለግኩም።

ቤት ስንገባ የባስና የሜትሮ ካርዳቸውን ከኮታቸው ኪስ አውጥቼ ደበቅኩት። በማግስቱ ካርዳቸውን አይቼው እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁም አልኩ። ዓይን ዓይኔን አየት አደረጉና «እሺ» አሉ፤ በቃ፣ አልፈለጉትም፣ ደግመውም አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሲመጣ ኮታቸውን ይለብሱና መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ባሶቹን ሲያዩ ይውላሉ። ለእህቴ አልነገርኳትም። የነገርኳት ዕለት እውነት ይሆናል ብዬ ይመስለኛል።

ስለዚህ ስኮፑን ገዛሁላቸው። ከእጃቸው ብዙ ነገር ሊወጣ ነው፣ ይህችን እንኳ ያሸንፉ አልኩ።

የተኩሱ ሜዳ በሥልሳ ስድስት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ስኮፕ ዝም ብሎ ታስሮ አደን አይወጣበትም፤ መጀመሪያ ከጠመንጃው ጋር መስማማት አለበት። መቶ ያርድ ላይ በየኢንቹ ቤት ቤት የተከፋፈለ ወረቀት ይሰቀላል። ይተኮሳል፣ ጥይቱ ያረፈበት ይታያል፣ ከዚያ ስኮፑ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ጥይቱን ወደ መሐል ማምጣት ነው። ታች ካረፈ ወደ ላይ፣ ቀኝ ካረፈ ወደ ግራ። ከተኳሹ ቦታ ቀዳዳው በደንብ ስለማይታይ፣ ከጎን ሆኖ በትልቅ መነጽር የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ያቺ ባልደረባዬ መነጽሩን ከነሦስት እግሩ አውሳኛለች። የሚያይልሽ ሰው እንደ ሰዓት ይጥራልሽ ብላም አስተምራኛለች፤ አሥራ ሁለት ማለት ላይ ነው፣ ሦስት ቀኝ ነው፣ ስድስት ታች ነው።

አባቴ ሦስት እግሩን ሲያዩ ሃያ ዓመት ቀለላቸው። እግሮቹን አፈሩ ላይ ረገጥ ረገጥ አድርገው ተከሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ አንድ እጃቸው ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። ወረቀቱን እንደ ሰዓት ያስቡትና ጥይቱ ስንት ሰዓት ላይ እንዳረፈ፣ ከመሐልም ስንት ቤት እንደራቀ ይንገሩኝ አልኳቸው። ጥሩ ዘዴ ነው አሉ።

ተኮስኩ።

«አምስት ሰዓት ላይ» አሉ። «ሦስት ቤት።»

አምስት ሰዓት ታች ነው፣ ወደ ቀኝ ጠጋ ያለ። መዘውሩን ወደ ላይና ትንሽ ወደ ግራ ቀጭ ቀጭ አድርጌ እንደገና ተኮስኩ። አምስት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ቤት አሉ። ጭራሽ ባሰበት። እርግጠኛ ነዎት ወይ ስላቸው፣ ምን ማለትሽ ነው፣ ፊት ለፊቴ አይደለም እንዴ አሉኝ። ደሜ መፍላት ጀመረ። አሁን ደግሞ እጥፍ አድርጌ ወደ ላይ ዘወርኩና ተኮስኩ። አባቴ ወረቀቱን ጥግ በጥግ ፈለጉ። በመጨረሻ ከወረቀቱ ወጥቷል አሉ።

ትንሽ ቆይቶ ተኩስ አቁም ተባለ፤ ሁሉም ጠመንጃውን አስቀምጦ ወደ ወረቀቱ መሄድ ተፈቀደለት። እሳቸውን እዚያው ትቼ ብቻዬን ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ። ሁለቱም ከመሐል በላይ ናቸው፣ ወደ ግራ ጠጋ ብለው። ታች አንድም የለም። አባቴ ታች ነው እያሉ የጠሩልኝ ጥይት በሙሉ ላይ ነው ያረፈው። ላይና ታች ጠፍቶባቸዋል ማለት ነው። የሐኪሙ ዝግ ያለ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ወረቀቱን ነቅዬ፣ አራት አጥፌ፣ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት።

ምን አገኘሽ ሲሉኝ ዋሸሁ። ስኮፑ ተበላሽቷል፣ አይረጋም፣ ሪተርን አደርገዋለሁ አልኩ። መልሱን ሳልጠብቅ ዕቃ መሰብሰብ ጀመርኩ። እሳቸው ከጠመንጃው የፈታሁትን ስኮፕ ዓይናቸው ላይ አድርገው፣ መዘውሩን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ብዙ ቆዩ። 

«መስታወቱ ምንም የለበትም» አሉ መኪና ውስጥ፣ ግማሽ መንገድ ላይ። «መዘውሩም አይላወስም፤ ቆጥሬዋለሁ፣ በቀጭ በቀጩ እኩል ነው የሚሄደው። እሱ ካልተበላሸ፣ እንግዲህ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

  መንገዱ ላይ አፍጥጬ ነዳሁ፤ እንባዬ ሲመጣ ጉንፋን ነው አልኳቸው።

ሰኞ የጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ዙር ባለችኝ ክፍት ጊዜ ስኮፑን ልመልስ ወጣሁ። ብቻዬን ልሄድ ነበር ሐሳቤ፤ አባቴ ግን ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ። የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ እኔም ልኑር አሉ። ምን ልበላቸው።

ሻጩ ስኮፑን ተቀብሎ አገላበጠው። ምን ሆነ አለኝ። አይረጋም አልኩት። እንዴት አይረጋም፣ ጥይቱ በትክክል የት የት ነበር የሚያርፈው አለኝ። አባቴ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አነሡ፣ የስኮፑን ካርቶን ገለበጡ፣ ጀርባው ላይ አንድ ክብ ሳሉ። ክቡ በእጅ የተሳለ አይመስልም ነበር። አሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ብለው ቁጥር ጻፉበት። ከዚያ ሁለት ነጥብ አኖሩ፤ ሁለቱንም ላይ፣ ወደ ግራ ጠጋ አድርገው።

«ይኸው» አሉ። «አምስት ሰዓት ላይ።»

«አባባ፣ ይኼ እኮ አሥራ አንድ ነው።»

«ቁጥሩን መች ጠየቅሽኝ? ሰዓቱን ነው የጠየቅሽኝ።» እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው የእጅ ሰዓታቸውን አሳዩኝ፤ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ፣ አሥራ አንድ ቁጥር ላይ አሳረፉ። «ትንሿ ቆጣሪ እዚህ ስትቆም ስንት ሰዓት ይባላል?»

አምስት ሰዓት። ረፋድ አምስት ሰዓት። ከልጅነቴ ጀምሮ አምስት ሰዓት።

ኪሴ ውስጥ ያጠፍኩትን ወረቀት አውጥቼ ከካርቶኑ አጠገብ ዘረጋሁት። ሁለቱ ቀዳዳዎችና ሁለቱ ነጥቦች አንድ ቦታ ናቸው። አባቴ በመቶ ያርድ ላይ ያዩትን አንዲት ቤት ሳያዛንፉ ነግረውኛል፤ እኔ ነኝ ግልባጩን የሰማሁት። ላይ ያረፈውን ጥይት ታች ነው ብዬ ይበልጥ ወደ ላይ ስሰደው ነበር የዋልኩት። በየቀኑ ሦስት ሲሉኝ ዘጠኝ ብዬ የምተረጉም ሴት፣ ጠመንጃ ስይዝ በፈረንጅ አፍ ማሰብ ጀምሬ ረሳሁት። ስኮፑም የታዘዘውን አድርጓል። ከሦስታችን የተበላሸሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ለሻጩ አስረዳሁት። ያ ቁጥብ ሰውዬ እስኪያስነጥሰው ሳቀ፤ ከዚያ አባቴን በእጁ ሰላም ብሎ ስኮፑን መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው። ረጅሙን አስቀምጥልኝ ያልኩትንም ተወው አልኩት። አባቴ ካርቶኑን ብብታቸው ሥር አደረጉ። የሰውን ድካም የማያነሡ ትልቅ ሰው ናቸው፤ «አላልኩሽም?» እንኳ አላሉኝም።

መኪናው ጋ ስንደርስ እግሬ ቆመ። ያ ክብ። ያ እጅ ያሳመረው ክብ፣ ያ በቦታው የተደረደረ ቁጥር።

«አባባ፣ ሐኪሙ ጋ ሰዓት ይሳሉ ሲባሉ ስንት ሰዓት ያድርጉት አለዎት ያ የስልኩ ሰውዬ?» አልኩ።

«አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር» አሉ፣ ሳያስቡ።

«እርስዎስ ምን አደረጉ?»

«አደረግኩላቸዋ።»

ስልኬን አወጣሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሸሸሁትን ወረቀት ከፈትኩት። ክቡ ያው ክብ ነው። ትልቋ ቆጣሪ ሁለት ቁጥር ላይ ናት። ትንሿ ቆጣሪ አምስት ቁጥር ላይ፣ እሱም ድርቅ ብላ አይደለም፤ አሥር ደቂቃ ስላለፈ ከአምስቱ ጥቂት ፈቀቅ ብላለች። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር። የእኛ። ምንም ያልተዛነፈ፣ ቀያሽ የሳለው ሰዓት። አስተርጓሚው ቃሉን ተረጎመ፣ ሰዓቱን ግን አልተረጎመም፤ ሐኪሙም አላወቀ፤ እኔ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ ላይ ጮኼ ሰዓቱ ላይ ዝም አልኩ።

ፓርኪንጉ መሐል እልልታዬን አቀለጥኩት። አንዲት ጋሪ የምትገፋ ሴትዮ ደንግጣ ቆመች። አባቴ ምን ነካሽ አንቺ ልጅ፣ ሰው ያየናል እያሉ ክንዴን ይጎትታሉ፤ እኔ ወይ ፍንክች። አንገታቸውን አቅፌ አለቀስኩ፣ ሳቅኩ፣ እንደገና እልል አልኩ። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ያን ጊዜ ነው የነገርኳቸው።  «ያን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ይዘሽው ነው?» ብቻ ነው ያሉኝ።

እዚያው ቆሜ ክሊኒኩን ኮል አደረግኩ። ሐኪሙ ራሱ መልሶ ደወለልኝ፤ አዳመጠኝ፤ በአፖይንትመንታቸው ቀን ይምጡ፣ በዓይኔ ልየው አለ። ካርዱን የዚያኑ ዕለት ልመልስላቸው ይገባኝ ነበር። አፈርኩ። ሐኪሙ በአፉ ነጻ ናቸው ይበልልኝና ብዬ አቆየሁት።

ቅዳሜ ወደ ሜዳው ተመለስን። ያ አጭሩ ስኮፕ ጠመንጃው ላይ ነው። ሦስት እግሩ ተተከለ፣ ያቺ እጅ ወደ ኋላ ሄደች። ያበላሸሁትን መዘውር ወደ ነበረበት ቆጥሬ መለስኩና ተኮስኩ።

አምስት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ቤት አሉ። እኔም አምስቱን አሥራ አንድ አድርጌ ወደ ታች፣ ትንሽም ወደ ቀኝ ዘወርኩ። ሁለተኛው ጥይት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ቤት ነበር፤ እሱንም ገልብጬ ወደ ታችና ወደ ግራ አመጣሁት። ሦስተኛውን ተኮስኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ከመነጽሩ ሳይነሡ ፈገግ ብለዋል።

«አሁን ሰዓት የለውም» አሉ። «መሐል ነው።»

ጎናችን ሲተኩስ የነበረ ሰውዬ ስንት ጥይት ጨረስሽ አለኝ። ሦስት አልኩት። አላመነኝም፤ ተኩስ አቁም ሲባል ሄዶ አየ። በቀጣዩ ቅዳሜ አደኑ ተከፈተ፤ አንዲት አጋዘን መታሁ፣ አባቴ ቢላቸውን ይዘው ደርሰው በስመ አብ ብለው ባረኩ። ጾሙ ሳይገባ ጥብሱን በላነው። ለየልሽ ያለችኝ እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥታ ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ እኔም በየጉርሻዋ መሐል ለየልሽ እያልኩ ልቧን አወለቅኩት።

ከዚያ የሐኪሙ ቀን መጣ። በዚህኛው እኔም እንድገባ ተፈቀደልኝ፤ ትንፍሽ እንዳልል ግን ቃል አስገቡኝ። እኔን ዝም በይ ማለት ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስልኩ ተከፈተ፣ አስተርጓሚው ቀረበ። ወረቀትና እርሳስ ተሰጣቸው። ሰዓት ይሳሉ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያድርጉት ተባሉ።

አባቴ እርሳሱን አነሡና ቆም አሉ።

«በእናንተ ነው በእኛ?»

በስልኩ ውስጥ የአስተርጓሚው ሳቅ መጣ። እየሳቀ ተረጎመው። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁለቱንም ይሳሉልኝ አላቸው። አባቴ ሁለት ክብ ጎን ለጎን ሳሉ፤ አንዱን በእነሱ፣ አንዱን በእኛ፣ ትንሿን ቆጣሪ በሁለቱም ላይ ያቺኑ ጥቂት ፈቀቅ አድርገው። የቀረውንም ፈተና አለፉ፤ እንዲያስታውሱ ከተነገሯቸው አምስት ቃላት አንዷ ጠፋቻቸው፣ እሷማ እኔንም ጠፍታኛለች። ሐኪሙ ለዕድሜያቸው ደህና ናቸው አለ። የፊተኛውን ውጤት ፊታችን ሰርዞ፣ ሁለቱን ሰዓት የያዘውን ወረቀት እሱ ጋ ላስቀረው ወይ ብሎ አባቴን ጠየቃቸው፤ ከአገራችሁ ለሚመጡ ሰዎች ለማስታወሻ ይሆነኛል ብሎ። አባቴ ፈቀዱለት።

ቤት እንደገባን ማድ ቤት ገብቼ ከበርበሬው ጣሳ ኋላ የደበቅኩትን ካርድ አወጣሁ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ አላየሁም ያልኩት ውሸት ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ከበርበሬው ጣሳ ኋላ። በማግስቱ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልወሰዱትም?»

«ብወስደው ሰርቄሽ መሄዴ ነው። በእጅሽ እስክትሰጪኝ ጠበቅኩ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኮታቸውን ለበሱ። በሩ ላይ ቆመው፣ የእጅ ሰዓታቸውን አየት አድርገው በአሥር ሰዓት እመለሳለሁ አሉኝ። በማን ሰዓት ብዬ አልጠየቅኳቸውም።